አገርን በሩጫ የማዳረስ ዕቅድ፦ አመጣጡ፣ ጠባዩና ቲሸርቱ

በየክልሉ የሚዘጋጁ የጎዳና ላይ ሩጫዎችን አንድ በአንድ ሮጦ አገሪቱን የማዳረስ ዕቅድ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በብዛት የሚገኝ፣ በተለይም አርባውን ተሻግረው ወንበር ላይ የሚውሉ ሰዎችን የሚይዝ የረጅም ጊዜ ግብ ነው። ቤት ከመሥራት፣ መኪና ከመለወጥና እንግሊዝኛ ከማሻሻል ጋር በአንድ መደብ ይመደባል። ከእነዚህ የሚለየው ለመጀመር ብድርም አስተማሪም የማይጠይቅ በመሆኑ ነው። የሚጠይቀው ሰሚ ብቻ ነው። ስለዚህም አብዛኛውን ጊዜ የሚታወጀው ምሳ ላይ ነው።

የዕቅዱ ቀጥተኛ መንስኤ ቦርጭ ነው። በተባባሪነት የሚጠቀሱት የደም ግፊት፣ የስኳር ምርመራ ውጤትና የድሮ የክፍል ጓደኛን ሸንቀጥ ብሎ ማግኘት ናቸው። ሐኪም የሚያዘው በእግር መሄድን ነው። ትእዛዙ ግን ከክሊኒኩ በር እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ አድጎ ሶምሶማ ይሆናል፣ ሶምሶማው 10 ኪሎ ሜትር፣ 10 ኪሎ ሜትሩ ደግሞ አገር ማዳረስ። በእግር መሄዱ ላይ ለምን እንደማይቆም ለማስረዳት ወደ ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል። አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። ዕቅዱም እስከ ዛሬ በብዛት የሚወለደው በዚያችው ዋዜማ ነው። ልዩነቱ አበበ በዚያች ምሽት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን ጨርሶ ማደሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የአገሩ ልጅ ሮጦ ሲያሸንፍ እያየ ያደገ ሰው ሩጫ በደሙ ውስጥ እንዳለ አይጠራጠርም። በደሙ ውስጥ በምርመራ የተገኘው ግን ኮሌስትሮል ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የአሯሯጥ ዘይቤ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ በልጅነቱ ደብተሩን በግራ ክንዱ አቅፎ ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ይመላለስ ስለነበር፣ ክንዱ በትልልቅ ውድድሮች ላይ ሳይቀር ታጠፍ ብሎ እንደቀረ በሰፊው ይታወቃል። ባለዕቅዱም ግራ ክንዱን አጥፎ ይሮጣል። በእርሱ ክንድ ላይ ያለው ስልክ ነው። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት የሄደው በታክሲ እንደነበር በዚህ ጊዜ ማንሳት እንደ ነውር ይቆጠራል።

ዕቅዱ ከግለሰብ ምኞትነት ወደ ማኅበረሰብ ክስተትነት የተሸጋገረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከተጀመረ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. 10,000 ተሳታፊዎችን ይዞ ሲካሄድ አንደኛ የወጣው መሥራቹ ኃይሌ ራሱ ነበር። ይህ ለሌላው ሕዝብ ትልቅ እፎይታ ሆነ። አንደኛነቱ እዚያው አዘጋጁ ቤት ስለቀረ፣ የቀረው ሰው ስለ ደረጃ ሳይጨነቅ መሮጥ እንደሚችል ገባው። በቅርብ ዓመታት የተሳታፊው ቁጥር ከ40,000 ሲያልፍ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስለ ደረጃ የሚያስበው ከፊት የሚሰለፈው ጥቂቱ አትሌት ብቻ ነው። ባለዕቅዱ የሚገኘው ከኋላ ነው፤ እዚያ ዘፈን አለ።

የዕቅዱ ስፋት የሚለካው በክልል ነው። እዚህ ላይ አጥኚውን የሚገጥመው ችግር፣ ከሯጩ ይልቅ መለኪያው የሚሮጥ መሆኑ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ክልሎቹ ዘጠኝ ነበሩ። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ተመሥርተው የቀድሞው የደቡብ ክልል ሲቀር ቁጥሩ 12 ደረሰ። በ2010 ዓ.ም. ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ግማሽ ማራቶን ሮጦ ስልኩ ላይ «ደቡብ፦ ተጠናቋል» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ከቤቱ ንቅንቅ ሳይል ሦስት ክልል ዕዳ ተጨመረበት። የሮጠው ሲዳማን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩን ለየትኛው ጽሕፈት ቤት ማመልከት እንደሚቻል እስካሁን ግልጽ አይደለም። በዕቅድ አውጪዎች ዘንድ ከሁሉ የምትወደደው ሐረሪ ናት። ከክልሎቹ ሁሉ በስፋት ትንሿ ስለሆነች ማራቶንን በቀጥታ መስመር የሚሮጥባት ሰው ሳያስበው ኦሮሚያ ይገባል፤ በአንድ ቀን ሁለት ክልል ማለት ነው።

ልምምድን በተመለከተ ያለው እውቀት ከድርጊቱ እጅግ የላቀ ነው። ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው፦ የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች፣ ጃን ሜዳ፣ እንጦጦ፤ ከከተማ ወጣ ለሚል ደግሞ ሱሉልታና ሰንዳፋ። ጎህ ሳይቀድ እንጦጦ የወጣ ባለዕቅድ ከእውነተኞቹ አትሌቶች ጋር ይገናኛል። ግንኙነቱ አጭር ነው። በቡድን ሆነው ከኋላው ይመጣሉ፣ እያወሩ ያልፉታል፣ ወሬያቸው ጫካው ውስጥ ይርቃል። እርሱ በዚያ ሰዓት ማውራት አይችልም። ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ይህ የተረጋገጠ ሳይንስ ሲሆን፣ ከፍታውን የመድከሙ ምክንያት አድርጎ በብርቱ የሚጠቅሰው ግን ከውጭ የመጣ እንግዳ ሳይሆን እዚያው ሽሮ ሜዳ ተወልዶ ያደገው ሰው ነው። ይኸው ሰው 1,700 ሜትር ላይ ወዳለችው ሀዋሳ ሲወርድ አየሩ ይበዛለታል። በዚያ የሚጎዳው ሙቀቱ ነው። ለደጋውም ለወይና ደጋውም የሚሆን ምክንያት ያላት አገር ናት።

ከልምምዱ በፊት ጫማ ይገዛል። አበበ የሮጠው ያለ ጫማ መሆኑ ሲነገረው ሻጩ አይወድም። ጫማው ኦሪጅናል ነው አይደለም የሚለው ክርክር ከጫማው ዕድሜ የሚረዝምበት ጊዜ አለ፤ ቱታውም ተጨምሮ ወጪው ሲደመር ሰውየው ዕቅዱን መተው ያሳፍረዋል። ለብዙዎች ከዚህ የተሻለ አሠልጣኝ አልተገኘም።

የታላቁ ሩጫ ዕለት ማለዳ ወደ መስቀል አደባባይ የሚያወጡ መንገዶች በአንድ ዓይነት ቲሸርት ይሞላሉ። የመነሻው ምልክት ከተሰጠ በኋላ ከኋላ ያለው ሕዝብ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ይጨፍራል። ከዚያ ይራመዳል። መሮጥ የሚቻልበት ክፍተት ሲገኝ ሆ የሚል ቡድን ይገባበታል። የመንገዱ ዳር በሙዚቃ ባንድ፣ ውሃ በሚረጩ የሰፈር ልጆችና «በርታ አባቴ!» በሚሉ እናቶች የታጠረ ስለሆነ መቆም የሚቻለው በጭፈራ ሰበብ ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጨፍረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከፊት የተሰለፈው ወንድ አሸናፊ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ 10 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ሲገባ፣ ባለዕቅዱ ውሃ ማደያው ጋ ፎቶ ይነሳል። ፎቶው ላይ ሁለቱም እግሮቹ ከመሬት እንዲነሱ ሦስት ጊዜ ይሞከራል።

ቀጥሎ ያለው የምግብ ጥያቄ ጠለቅ ያለ ስሌት ይፈልጋል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያቃጥለው ጉልበት ወደ 750 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል። ይህም በቅቤ ሲመነዘር 100 ግራም ያህል ነው። ከሩጫው በኋላ በሚገባበት ክትፎ ቤት ውስጥ 100 ግራም ቅቤ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት መጠን አይደለም። ሩጫው የነቢያት ጾም ከሚገባበት ከኅዳር 15 አካባቢ የማይርቅ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያባብሳል፤ ሊጾም የተቃረበ ሰው ሥጋ ፊቱ ቀርቦለት ካሎሪ አይቆጥርም። በሩጫው ዋዜማ ከሚበላው ፓስታ ጋር ሲደመር ባለዕቅዱ ከሩጫው ሳምንት የሚወጣው ከገባበት ከብዶ ነው። ፓስታው በሳይንስ ስም ይበላል። ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ስኳር ግን ለ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበቃ፣ ለ10 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገው ስንቅ ቀድሞውኑ ቦታው ላይ ነበረ። ከነትርፉም ነበረ፤ ነገሩ የተጀመረው በዚያ ትርፍ ነው።

የክልል ሩጫ ከዚህ የሚለየው በመጓጓዣው ነው። ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልሱ 550 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የሚሮጠው 21 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ባለዕቅዱ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ 26 ኪሎ ሜትር ቁጭ ብሎ ይጓዛል። ጉዞው በጋራ መኪና፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ፣ ባቱ ላይ ቁርስ ተበልቶበት ይፈጸማል። ሀዋሳ ሲደርሱ አሞራ ገደል ሄዶ አሣ አለመብላት አይቻልም። ጥሬውን በዳጣ እያጠቀሱ፣ ጥብሱን በእጅ እየፈለፈሉ፣ ሾርባውን በብርጭቆ እየጠጡ «ነገ እኮ ሩጫ አለብን» ይባባላሉ። ይህ ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ከተባለ በኋላ ሌላ አሣ ይታዘዛል። በመመለሻው መቂ ላይ መኪናው ይቆማል። «ሽንኩርት እንዳትረሳ፤ ቲማቲሙም እንዳይፈርጥ ከላይ አድርገው» የሚል መልእክት ከቤት ገብቷል። ሜዳሊያው አንገት ላይ፣ ሽንኩርቱ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል። በቤተሰቡ ዘንድ ጉዞው ተሳክቷል አልተሳካም የሚለው የሚወሰነው በሽንኩርቱ ዋጋ ነው።

ከሩጫው ማግስት ያለው ጊዜ በሕክምና በደንብ የተጠና ነው። ያልለመደ ጡንቻ የሚታመመው ወዲያው ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ከመውጣት ይልቅ መውረድ ያሠቃያል፤ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም ነው። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ባለዕቅድ ማክሰኞ ጠዋት በሁለት እጁ የደረጃውን ብረት ይዞ፣ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ፣ አንድ እግር አስቀድሞ ሌላውን እያስከተለ ወደ ኋላ ሲወርድ ይታያል። ቆሻሻ ልትጥል የወጣች ጎረቤት «ምነው ጋሼ፣ ወደቁ እንዴ?» ትላለች። «ሮጬ ነው» ይላል በኩራት። ከዚህ የሚከብደው የልጆች ጥያቄ ነው። በትምህርት ቤት ደረጃ እየተሰጠው ያደገ የኢትዮጵያ ልጅ አባቱ ከሩጫ ሲመለስ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አባዬ፣ ስንተኛ ወጣህ?» ዋናው መሳተፍ ነው የሚለው መልስ፣ ይኸው አባት የልጁን ካርድ ሲያይ በተናገረው ነገር የተነሳ ተቀባይነት አያገኝም።

የዕቅዱ ዘላቂ ውጤት ቲሸርቱ ነው፤ በዘርፉ ከሚገባው ያነሰ ትኩረት የተሰጠውም እርሱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቲሸርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንዳንዴም ዓርብ ቢሮ ይለበሳል። በሁለተኛው ዓመት ፒጃማ ይሆናል። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ለዘበኛ፣ ለመኪና አጣቢ ወይም ለክረምት ለመጣ የእህት ልጅ ይሰጣል። የእህት ልጅ ይዞት አገር ቤት ይገባል። በዚህ መንገድ «10 ኪሎ ሜትር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ባለዕቅዱ በስም ብቻ የሚያውቃቸው ወረዳዎች ይደርሳል፤ ከብት ተከትሎ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ትምህርት ቤት ተመላልሶ በቀን ባለቤቱ በዓመት ከሚሮጠው በላይ ይሮጣል። ምዝገባም፣ የጋራ መኪናም አላስፈለገውም። የ12ቱ ክልል ዕቅድ ከተፈጸመ የሚፈጸመው በዚህ መንገድ ነው፤ በክልል ብዛት ቲሸርቱ ባለቤቱን ይበልጣል።

ዕቅዱን የጨረሰ ሰው ጥቂት ነው፤ የተወው ሰው ግን ከዚያም ያነሰ ነው። ሀዋሳን የሮጠ «የሚቀጥለው በቆጂ ነው» ይላል። የአትሌቶቹ የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር ወደሆነችው በቆጂ መሄድ ግን በአገሬው ታዳጊዎች ፊት መሮጥን ስለሚጠይቅ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ዕቅዱ ዕድሜ የሚያገኘው በዚሁ ነው።

መሳተፍ ያሰበ አንባቢ የታላቁ ሩጫ ምዝገባ ከሩጫው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ እንደሚሞላ አውቆ በጊዜ ይክፈል። የቲሸርቱን መጠን ሲመርጥም የራሱን ወገብ ብቻ አይመልከት፤ ቆይቶ የሚለብሰውን ልጅ ቁመትም ከወዲሁ ይጠይቅ።