የአሥራ ሰባት ዓመቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ

አሜሪካ ውስጥ ቢዝነስ ለመማር የሚያመለክት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነው። ካልሆነ መሥራች ነው፤ መሥራችም ካልሆነ ቢያንስ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ሊቀ መንበር መሆን ይጠበቅበታል። የድርጅቱ አባላት እሱ፣ ታናሽ እህቱና የአክስቱ ልጅ ብቻ ቢሆኑም ነውር የለውም፤ ዓርማ ይኑረው እንጂ፣ ድረ ገጹም ይመር እንጂ። የድርጅቱ ዕድሜ ግን አጭር ነው። ከ10ኛ ክፍል ክረምት ጀምሮ የመግቢያው ደብዳቤ እስኪደርስ ይዘልቅና፣ ያለ ቃለ ጉባኤ፣ ያለ ሒሳብ ምርመራ፣ ለቅሶ ደራሽም ሳያስቸግር ድምፁን አጥፍቶ ይፈርሳል።

ይህን ተአምር የሚሠሩት የኮሌጅ መግቢያ አማካሪዎች ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። እነሱ ባይኖሩ ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ ሲያባርር፣ ሱቅ ሲላላክ ወይም እንዲያው ሲተኛ የወጣትነት ዘመኑን ያባክን ነበር። ከ1 ሺህ በላይ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተባለው የጋራ ማመልከቻ፣ ተማሪው ከክፍል ውጭ ለሠራው ሥራ 10 መስመር ይሰጠዋል። ለሹመቱ 50፣ ለሥራው ዝርዝር 150 ሆሄ፤ ክፍት ቦታው ሳይቀር ተቆጥሮ። የአማካሪው ጥበብ የሚለካው በዚህች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነው። «ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ሣር አጭዳለሁ» ብሎ የገባው ልጅ፣ «የአረንጓዴ አገልግሎት ድርጅት መሥራችና ፕሬዚዳንት፤ የደንበኞች ግንኙነትንና የዋጋ ስትራቴጂን መርቷል» ተብሎ ይወጣል። ሣሩ ያው ሣር ነው፤ የሚከፈለውም ያው 20 ዶላር።

ጥበብ ደግሞ በነፃ አይገኝም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2018 ኒውዮርክ ያለ አንድ አማካሪ ድርጅት አንዲትን እናት ፍርድ ቤት ገተራት። የልጇ ዝግጅት ዋጋ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ እናትየዋ ግማሹን ከፍላ ግማሹን አስቀርታብኛለች ይላል ክሱ። ጆሴፍ ዋርተን የተባለው የፊላደልፊያ ባለ ኢንዱስትሪ፣ ዛሬ ወላጅ ሁሉ የሚማልበትን የዋርተን ቢዝነስ ትምህርት ቤት በ1881 ሲያቋቁም የሰጠው 100 ሺህ ዶላር ነው። የዚያን ዘመን ዶላርና የዛሬው አንድ አይደለም የሚል አይጠፋም፤ ልክ ነው። እንዲያው በቁጥሩ ብቻ ከሄድን ግን፣ አንዲት ልጅን ለማስገባት የተጠየቀው ገንዘብ አሥራ አምስት ዋርተን ያቋቁም ነበር።

ከዚያ የድርሰቱ ወግ ይመጣል። የኮመን አፕ ዋና ድርሰት ቢበዛ 650 ቃል ነው፤ በዚያ ላይ አንዳንዱ ትምህርት ቤት «ለምን ቢዝነስ?» ብሎ ለብቻው ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ አንድ እውነተኛ መልስ አለ፤ እሱም «ጥሩ ደመወዝ እፈልጋለሁ» የሚል ነው። ይህን የጻፈ ተማሪ እስካሁን አልተገኘም። ሁሉም የዓለምን ድህነት ሊያጠፉ ነው ቢዝነስ የሚማሩት፤ ተመርቀው ሲወጡ ደግሞ ብዙዎቹ በአጋጣሚ ባንክና አማካሪ ኩባንያ ደጅ ላይ ይገናኛሉ።

የሐበሻ ልጅ ከሆነች ሥራው ይቀላል። አማካሪው ገና ስሟን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል። ስደት የለም? ጦርነትስ? ረሃብ እንኳ ትንሽ? ልጅቱ የተወለደችው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆስፒታል ውስጥ፣ ያደገችውም እዚያው እግር ኳስ ስትጫወት ነው። ችግር የለም፤ አያት አለች። አያቷ የጡረታ ጊዜዋን አዲስ አበባ ላይ በሰላም የምታሳልፍ የሒሳብ መምህርት ናት፤ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ ግን ጉልት ተቀምጣ ቃሪያ ትቸረችራለች፣ በሦስተኛው ላይ ለልጅ ልጇ የንግድን ምሥጢር ታወርሳለች። አያት እንግሊዝኛ ድርሰት አታነብም እንጂ ብታነብ፣ አርባ ዓመት ጠመኔ የጨበጠ እጇን ቃሪያ ላይ ስታየው ምን እንደምትል መገመት አያቅትም።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምኔ ላለ ወላጅ ሪክ ሲንገር የሚባል ሰው ነበረ። ዩኒቨርሲቲ ሦስት በር አለው ይል ነበር፤ የፊቱ ለጎበዙ፣ የኋላው ሕንፃ ለሚያሠራው ሀብታም፣ የጎኑ ደግሞ በእሱ በኩል ለሚመጣ። የአሜሪካ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ መጋቢት 2019 ጉዱን ሲያወጣው፣ ሰውየው 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰብስቦ ተገኘ። አንድ የሎስ አንጀለስ ነጋዴ የውሃ ፖሎ ተጫውቶ ለማያውቀው ልጁ ኳሱንና ኮፍያውን በኢንተርኔት ገዛለት፤ ግቢያቸው ባለው መዋኛ ውስጥ ፎቶ አነሳው፤ ግራፊክ ዲዛይነር ቀጥሮም እውነተኛ ግጥሚያ ላይ ያለ አስመሰለው። 250 ሺህ ዶላር ከፍሎ አራት ወር እስር አተረፈ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የሒሳብ አያያዙ ነው። የሲንገር ድርጅት በበጎ አድራጎትነት የተመዘገበ ስለነበር፣ ከወላጆቹ አንዳንዶቹ ጉቦውን እንደ ምጽዋት ቆጥረው ከግብር አስቀነሱት። ልጆቹ አንደኛ ዓመት ሳይገቡ የአራተኛ ዓመት አካውንቲንግ ቤታቸው ውስጥ ተሰጥቷል ማለት ነው። መምህሩ ሲንገር ጥር 2023 ሦስት ዓመት ተኩል ተፈረደበት።

ለመሆኑ ልጁ የት ይግባ? ለዚህስ ማሰብ አያስፈልግም፤ የደረጃ ሰንጠረዥ አለ። ቁጥር አንድ ከቁጥር ሰባት ይበልጣል፤ በምን ይበልጣል ብሎ መጠየቅ የባለጌ ነው። የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ፎክስ ቢዝነስ ትምህርት ቤት በኦንላይን ኤምቢኤ በተከታታይ አንደኛ ሲባል ኖረ። ምሥጢሩ የታወቀው በ2018 ነው። የገቡት 255 ተማሪዎች በሙሉ ጂማት የሚባለውን ፈተና ወስደዋል ተብሎ ተላከ፤ የወሰዱት 50 ነበሩ። ዲኑ ሞሼ ፖራት በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባሉ፤ በ2022 አሥራ አራት ወር እስርና 250 ሺህ ዶላር ቅጣት ተከተለ። ያ የማስተርሱ ነው፣ ባችለሩን አይመለከትም የሚል ይኖራል። ዲኑ ግን የሁለቱም ዲን ነበሩ። ያም ሆኖ በየዓመቱ አዲሱ ሰንጠረዥ ሲወጣ ወላጅ እንደ ሎተሪ ዕጣ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል።

በዚህ ግርግር መሃል ጊዜ የማይበቃላቸው ጥቃቅን ጉዳዮች አሉ። ለምሳሌ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ስታንፎርድ በመጀመሪያ ዲግሪ ቢዝነስ የሚባል የትምህርት ክፍል የላቸውም። «ልጄ ሃርቫርድ ቢዝነስ ገብታ» እያለ ለሠፈር የሚያወራ አባት፣ መጀመሪያ ሌላ ነገር አስመርቆ፣ ከዚያም ጥቂት ዓመታት ሥራ አሠርቶ መጠበቅ አለበት። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ከመጀመሪያው ቀን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ያስገባዋል፤ ሌላው ሁለት ዓመት ካስተማረው በኋላ እንደገና ያወዳድረዋል፤ በዚያኛው ዙር የወደቀ ልጅ ሌላ ትምህርት ይፈልጋል። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ሃስ አራቱንም ዓመት የሚሸፍን ፕሮግራም የጀመረው በ2024 ነው። አካውንታንት እሆናለሁ የምትለው ልጅ ደግሞ፣ ሲፒኤ፣ ማለትም ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ፣ ለመሆን አብዛኞቹ ግዛቶች ለዓመታት 150 ክሬዲት ሲጠይቁ መኖራቸውን ማወቅ አለባት፤ ባችለሩ የሚሰጣት 120 ነው። የቀረው 30 በማን ገንዘብ ይሞላል? ግዛቷ ደንቡን ቀይሮ እንደሆነስ ማን ያጣራላታል? ይህ የአማካሪው ሥራ አይደለም፤ የአማካሪው ሥራ ቃሪያው ላይ ነው።

ቢሊየነሩ ዋረን ቡፌ ዋርተን ሁለት ዓመት ተቀምጦ ጥሎ ወጣ፤ የተመረቀው ከኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቀጥሎ ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል አመልክቶ አልተቀበሉትም። ምስኪን፣ ደህና አማካሪ አላገኘም።

አማካሪዎቹ የበለጸጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ ይበቃል ይላል፤ በ2022–23 የአገሪቱ አማካይ 385 ነበር። ሌሊት ፓርኪንግ ሠርቶ ጠዋት ኡበር የሚነዳ ሐበሻ አባት ይህን ክፍተት በማን ይሙላው? ቅዳሜ በለቅሶ ቤት፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የእገሌ ልጅ የት ገባ የሚለውን ሰምቶ ይመለሳል። ልጁ ኖቫ፣ ማለትም የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት ተምሮ በተረጋገጠ የቅበላ ስምምነት ወደ ግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲዎች መዛወር እንደሚችል ቢነገረው ያኮርፋል፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚል ቃል በለቅሶ ቤት አይነገርማ። በቀሪዎቹ ሁለት ዓመታት የሚያገኘው ዲግሪ ግን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ እዚያ ከነበረው ልጅ ዲግሪ አይለይም።

በሌላ በኩል ደግሞ፣ የዋርተን እናት የሆነው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የዓመት ወጪ ከ90 ሺህ ዶላር በላይ ነው ሲባል የሰማች ነርስ እናት ደንግጣ ትተወዋለች። ያው ዩኒቨርሲቲ ግን ኅዳር 2024 ላይ፣ ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 200 ሺህ ዶላር ለሆነና ሀብታቸው መካከለኛ ለሆነ ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ እሸፍናለሁ ብሏል። ለእሷ ልጅ ዋርተን ስሙ ብዙም ከማይታወቅ የግል ኮሌጅ ሊረክስ ይችላል። ይህን የሚነግራት የለም።

ስለዚህ ወላጆች፣ ቼኩን ከመፈረማችሁ በፊት ለአማካሪው አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፤ ልጃችሁ የመረጣቸውን ትምህርት ቤቶች የተጣራ ዋጋ ማስያ አብሯችሁ ተቀምጦ ይሙላ። የሚያስፈልገው የግብር ወረቀታችሁና የአንድ ከሰዓት ጊዜ ነው። ማስያው የፌዴራል ዕርዳታ በሚያገኙ ኮሌጆች ድረ ገጽ ላይ ከ2011 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ተቀምጧል፤ ፋፍሳ የሚባለው የዕርዳታ ማመልከቻም እንደዚሁ ምንም አይከፈልበትም።