አሮጌ ፋብሪካ ውስጥ የማደር ጥበብ

ሥራ ያቆመን ፋብሪካ አፍርሶ በቦታው አዲስ ሕንፃ ከማቆም ይልቅ ግድግዳውንና የጭስ ማውጫውን እንዳለ ትቶ ሆዱን ብቻ መለወጥ፣ ማለትም ትናንት ማሽን ይጮኽበት በነበረው አዳራሽ ዛሬ አልጋ መዘርጋት፣ በኢንዱስትሪ ቀድመው በሄዱ አገሮች ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ገደማ ራሱን የቻለ የሕንፃ ጥበብ ዘርፍ ሆኗል። አሠራሩ በአማርኛ «ዳግም ግልጋሎት» ሊባል የሚችል ሲሆን፣ መነሻ ሐሳቡም ሕንፃ ጡረታ ሲወጣ እንደ ሰው ሌላ ሥራ ይፈለግለት የሚል ነው። ልዩነቱ የሰው ጡረተኛ ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር ገቢው ያሽቆለቁላል፤ ጡረተኛው ፋብሪካ ግን ሆቴል ሆኖ ሲቀጠር በወጣትነቱ አይቶት የማያውቀውን ገንዘብ ያያል።

እንዲህ ያሉ ሆቴሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ውሃ ዳር ቢሆንም ወደዚያ የወሰዳቸው የውሃው ውበት አልነበረም። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካ ውሃ የሚፈልገው መዘውር ለማዞር፣ እንፋሎት ለማፍላት፣ ዕቃ በጀልባ ለመጫን፣ በመጨረሻም የተረፈውን ዝቃጭ ሰው ሳያይ ለመድፋት ስለነበር፣ የሚሠራውም ፊቱን ለመንገድ ጀርባውን ለውሃ ሰጥቶ ነበር። ሆቴሉ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዝቃጩ ይወርድበት በነበረው በጓሮ በኩል ሰፊ መስኮት ይከፈትና «ሐይቁን የሚያሳይ ክፍል» ተብሎ በመንገድ በኩል ካለው ክፍል የበለጠ ይጠየቅበታል።

ለዚህ ከሚጠቀሱት አንዱ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በዱሉዝ ከተማ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር የሚገኘው የፊትገር ቢራ ፋብሪካ ነው። ሱፒሪየር 82,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ በጥልቁ ቦታ ከ400 ሜትር በላይ የሚወርድ ሐይቅ በመሆኑ ጣናን በስፋት ከሃያ ጊዜ በላይ ያጥፈዋል፤ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም ለማያልፈው ለጣና የሚከራከር ጎጃሜም በሜትር ቢሸነፍ በገዳም ብዛት እንዲለካለት ይግባኝ ማለቱ አይቀርም። ፋብሪካው አሜሪካ የአልኮል መጠጥን በሕግ በከለከለችባቸው ዓመታት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933፣ ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ እየሠራ ነፍሱን አቆየ። በ1972 ጠመቃውን ቢያቆምም በ1984 ሆቴል ሆኖ ተከፈተ፤ እንግዳውም የቢራ ጠማቂው አያቶች ለገብስ በሠሩት የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ተኝቶ ያድራል።

ሌሎችም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። በፖላንድ ሎድዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1878 የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውሃ ዳር ባይሆንም በ2009 ሆቴል ሲሆን ውሃውን ከጣሪያው ላይ አገኘ፤ ለእሳት አደጋ ይጠራቀምበት የነበረው ጋን የመዋኛ ገንዳ ሆኖለታል። በኬፕታውን ወደብ በ1924 የተሠራው 57 ሜትር የሚረዝም ሲሎ፣ ይኸውም እህል በብዛት የሚከማችበት የኮንክሪት ጎተራ፣ በ2017 ከታች የአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ከላይ ደግሞ 28 ክፍሎች ያሉት እጅግ ውድ ሆቴል ሆነ። ይህ ዜና ለምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ቢነገረው የሚገርመው በዋጋው እንጂ በሐሳቡ አይደለም፤ የእሱም በጭቃና በእበት የተለሰነ ጎተራ ከጥንት ጀምሮ አይጥና ነቀዝ ያሳድራል፤ ደንበኞቹም ምግብ ከመኝታ ጋር ያገኛሉ፤ ሂሳብ አይከፍሉም፤ በቃኝ ብለውም አይወጡም።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለችው የአማኑኤል ከተማ ነዋሪ፣ እንዲሁም የቢቸናና የሞጣ ሰው፣ ከፋብሪካ ሁሉ በቅርብ የሚያውቀው ወፍጮ ቤትን ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጮቄ ተራራ በሚወርዱት ወንዞች ላይ የውሃ ወፍጮ፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ የናፍጣና የመብራት ወፍጮ ጤፉንም ገብሱንም ሲፈጩ ኖረዋል። ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠበቅበት፣ በሚዛን የሚጣሉበት፣ በቺንጋው ጩኸት ምክንያት ሐሜት እንኳ በምልክት የሚካሄድበት ስፍራ ሲሆን፣ እህል አስፈጪው ሲገባ ጥቁር የነበረው ጠጉሩ ሲወጣ ይሸብታል። እህሏን አስፈጭታ ዱቄቱን በጀርባዋ አዝላ ወደ ቤቷ የምትገሰግስ ሴት «እዚሁ አልጋ ተዘርግቶልሽ ገንዘብ ከፍለሽ እደሪ» ብትባል፣ ይህን ያላት ሰው ጤንነት ያሳስባታል እንጂ ዋጋውን አትጠይቅም። ከዚህ የምንረዳው ፋብሪካ ለሆቴልነት የሚበቃው ማሽኑ በቆመ ማግስት ሳይሆን፣ በማሽኑ ጎን ወገቡ የጎበጠው ትውልድ ካለፈ በኋላ መሆኑን ነው፤ ጡቡ የሚያምረው ጡቡን ላልተሸከመ ሰው ነው።

ጣና ዳር ጉዳዩ የተወሳሰበ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ይመስላል። በባሕር ዳር ሆቴሉ ሐይቁን፣ ፋብሪካው ደግሞ አባይን ተጠግተው ለየብቻቸው ሲኖሩ፣ ከፋብሪካዎቹ ሁሉ ስሙ የሚቀድመው በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ካሳ ማለት የበደለ አገር ለተበደለው የሚከፍለው ስለሆነ፣ ይህ ሕንፃ ለሆቴል ማስታወቂያ የሚመች ታሪክ እንዳለው አይካድም፤ «በጠላት ገንዘብ በተሠራ አዳራሽ ይተኙ» የሚል ጽሑፍ አርበኛ ባፈራው በቢቸና አገር ሰው ዘንድ ገበያ ያጣል ተብሎ አይገመትም። ነገር ግን ለባሕር ዳር ሰው ፋብሪካ ማለት ገና ትዝታ ሳይሆን ፈረቃ ነው፤ አባት የሌሊት ፈረቃ ሲገባ ልጅ እራት ያደረሰበት፣ ክርና ብናኝ በልብስ ተጣብቆ ቤት ድረስ የሚከተልበት ሥራ ነው። በሌሊት ፈረቃ ያንቀላፋ የፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ ቅጣት ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ሆቴል ቢከፈት ከሁሉ በፊት ለማግባባት የሚያስቸግረው እንግዳ ጡረተኛው ሠራተኛ ነው፤ ትናንት ሲተኛ ይቀጣበት በነበረው አዳራሽ ዛሬ ለመተኛት እንዲከፍል የሚጠይቀውን ወጣት አስተናጋጅ በመጀመሪያ «አለቃህን ጥራልኝ» ማለቱ የሚጠበቅ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ጎጃም ከዱሉዝ ኋላ ቀርቷል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በአንድ ነገር ቀድሟል። በየወረዳው ከተማ ከበሩ በላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋበት ጠላ ቤት፣ ከፊት መጠጫ፣ ከመሐል ጓዳ፣ ከጓሮ ደግሞ ለመንገደኛ የሚከራዩ ጥቂት አልጋዎች ሊኖሩት ይችላል። ይህ ማለት መጥመቂያውና ማደሪያው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበት ሆቴል ነው፤ ጋኑ በወይራ ይታጠናል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይሰጣል፣ እንኩሮው ይታመሳል፣ እንግዳውም በዚሁ ጢስና ሽታ መካከል ይተኛል። በፊትገር መጀመሪያ ጠመቃው ወጥቶ አልጋ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያው ግቢ ቢራ መጥመቂያ እንደገና ሲከፈት፣ እንግዳ የፈለገው ግድግዳውን ብቻ እንዳልነበረ የታወቀ ይመስላል። የአማኑኤል ባለ ጠላ ይህን ረጅም ጉዞ ሳትጓዝ ፊትገር ከደረሰበት ቦታ ተገኝታለች፤ ችግሩ ጸጥታ ፈልጎ ለሚመጣ እንግዳ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ ከጓዳው ራቅ ያለ አልጋ አይኖርዎትም?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ብዙም አይለያይም፦ «ልጄ፣ ራቅ ያለውማ ጎረቤት ነው፤ እነሱም ጠምቀዋል።»