ስንተኛ ነኝ?

የ2015ቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ተለቀቀ የተባለው መስከረም 28 ቀን 2016 ነው። እኛ ያለነው አማራ ክልል፣ ሐራ ነው፤ በክልላችን ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ሰንብቶ ነበር። ወልዲያ የድምፅ ጥሪ ይሻላል ሲሉን በማግስቱ ከእህቴ ልጅ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪው ጎማ ራሱ አየር አልነበረውም፤ ሌላ እስኪመጣ ዳር ላይ ቆመን ፀሐይ በላን። እሷ የፈተና ቁጥሯን የጻፈችበትን ብጣሽ ወረቀት ከእጇ አላወጣችም።

ወልዲያ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን አዲስ አበባ ላለው የወንድሜ ልጅ ደወልን። ቁጥሩን ስናነብለት መስመሩ ይቆረጣል፤ እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምራለን። በመጨረሻ፣ «ከግማሽ በላይ ነው፣ አልፋለች!» ብሎ ጮኸ። ባለ ሻይ ቤቷ እልል አለች። ስሙን ሲያነብልን ግን የማናውቀው ወንድ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ መስመሩ አንድ አኃዝ ውጦብናል። ትክክለኛው ቁጥር ሲገባ 46 በመቶ።

«አብሽሪ» አልኳት።

«አጎቴ፣ ታዲያ ስንተኛ ነኝ ማለት ነው?»

በእኛ ጊዜ ማትሪክ ነበር፤ ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ተብሎ ይደመራል። የመግቢያው ነጥብ በዩኒቨርሲቲዎች ቦታ ልክ ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ ውጤት ማለት ሰልፍ ላይ የያዝከው ቦታ ነበር። ከ2014ቱ ፈተና ወዲህ ግን ማለፊያው ለሁሉም 50 በመቶ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠቱን ከልቤ እደግፋለሁ፤ ኩረጃ የደከመበትን ልጅ ቦታ ይሰርቅ ነበርና። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በ2015 ከተፈተኑት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶ ያመጡት 27,267 ብቻ ናቸው፤ 3.2 በመቶ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። እንዲህ ባለ ዓመት 46 ያመጣች ልጅ ከሰልፉ ፊት ናት። የተነገራት ግን «አላለፍሽም» ብቻ ነው።

ደግሞ በየትኛው ትምህርት? 11ኛ ክፍል በነበረችበት በ2014 ወልዲያና አካባቢዋ እስከ ታኅሣሥ ጦርነት ውስጥ ነበሩ። የዓመቱን መጽሐፍ በቀረው ጊዜ ሩጠው፣ ቤተ ሙከራ ሳያዩ ነው 12ኛ የገቡት። ወረቀቱ ላይ ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ሪሚዲያል እንዳለ ነገርኳት። ከ50 በታች ያመጡት በነጥባቸው ቅደም ተከተል ተመርጠው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይማራሉ፤ ያንን ካለፉ አንደኛ ዓመት ይገባሉ። ስንተኛነቷ የሚቆጠርላት በዚያ ምርጫ ላይ ነው። እንባዋን ጠረገችና የትኞቹን ትምህርቶች እንደሚያስተምሩ ጠየቀችኝ። ፊዚክስ አለበት ስላት፣ ሚኒባሱ ሳይሞላ የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ እንድንፈልግ አስነሳችኝ።