ካሜራን በዲፌንስ ቀን የማጥፊያ ዘዴ

ይህ ምክር በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በሌላ ግቢ፣ በራስበሪ ፓይ ወይም በኦሬንጅ ፓይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለምትሠሩ ተማሪዎች ነው። በተለይ ደግሞ ፈታኞች ፊት ቆማችሁ የዩኤስቢ ካሜራችሁ ድርግም እንዲል ለምትፈልጉ።

መጀመሪያ ቻርጀር። ቦርዱን ገንዘብ አዋጥታችሁ፣ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጥታችሁ ስታበቁ ለኃይል ምንጩ አንድ ብር አትጨምሩ። ፒያሳ ወጥታችሁ ከስልክ ዕቃ መሸጫ ርካሹን አንሡ። ጀርባው ላይ «5 ቮልት፣ 3 አምፔር» ከተባለ እመኑ፤ ላብራቶሪ ያለውን መልቲሜትር ተውሳችሁ ሥራ ላይ እያለ እንዳትለኩት። ራስበሪ ፓይ 4 በእርግጥም 3 አምፔር ይፈልጋል። 5ኛው ደግሞ 5 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ካላገኘ ለዩኤስቢ በሮቹ ሁሉ በድምሩ የሚለቀው 600 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ይህን ሳታነቡ ካሜራውን፣ የኢንተርኔት ዶንግሉንና ሃርድ ዲስኩን አንድ ላይ ሰኩ።

ቀጥሎ ገመድ። ረጅምና ቀጭኑን ምረጡ። ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው፦ ገመዱ ደርሶ መልስ 0.2 ኦም ሪዚስታንስ ካለው፣ ቦርዱ 2 አምፔር ሲስብ 0.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከቻርጀሩ 5 ሆኖ የወጣው ቦርዱ ጋ 4.6 ሆኖ ይደርሳል። ራስበሪ ፓይ ግን ከ4.63 ቮልት በታች ሲሆን ኃይል አነሰኝ ብሎ ያስጠነቅቃል። ተማሪውን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ዶርም ውስጥ ቦርዱ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሚስበው ጥቂት ስለሆነ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ምስል የሚለየው ፕሮግራም ሲነሣ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ካሜራው ይጠፋል። ፕሮግራሙ የሚነሣው ደግሞ ፈታኙ «እስቲ አሳዩን» ሲል ነው።

ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ብቅ ካለ ጌጥ ነው በሉ። የከርነሉ መዝገብ ላይ «አንደርቮልቴጅ ዲቴክትድ» የሚል መስመር ቢደጋገምም አትክፈቱት። ይልቅ ኮዱን ጠርጥሩ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንደገና ጫኑ፣ ላይብረሪ ቀይሩ፣ የፓይተን ቨርዥን ውረዱ፣ ውጡ። በዚህ መንገድ ጎበዝ የሆነን ልጅ ሴሚስተሩን ሙሉ ፕሮግራም አልችልም ብሎ እንዲያምን ማድረግ ይቻላል። እኔን ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። የልጁ ኮድ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ግማሽ ቮልት የማይሞላ ኃይል ነው።

በሮቹ ካነሱ የራሱ ቻርጀር የሌለው ሃብ ግዙ። የራስበሪ ፓይ 4 አራቱ የዩኤስቢ በሮች በድምሩ የሚሰጡት 1.2 አምፔር ነው፤ ሃብ በር ይጨምራል እንጂ አምፔር አይጨምርም። የራሱ ኃይል ያለው ሃብ ብዙውን ችግር ያቃልላል፤ ስለዚህ እሱን እለፉት። ዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክም ካለ ከዋይፋዩ አጠገብ አስጠጉት። የዩኤስቢ 3 ገመድ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዙሪያ ሬዲዮ ስለሚረብሽ፣ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ኢንተርኔት አቅራቢውን መውቀስ ትችላላችሁ።

አንዳንዱ ጥፋት የተማሪው አለመሆኑንም እንዳታውቁ። በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ሞዴል ቢ፣ የኔትወርኩንና የሁለቱን ዩኤስቢ በሮች ጭነት ወደ ፕሮሰሰሩ የሚያስገባው በአንድ የዩኤስቢ 2.0 መስመር ነበር። በቀደሙት ቦርዶች በሮቹ ላይ የነበረው ፊውዝ ደግሞ 140 ሚሊአምፔር ብቻ ነው፤ የዩኤስቢ 2.0 ደንብ እስከ 500 ይፈቅዳል። ኪቦርድ ፊደል ይዘል፣ ይደግም ነበር፤ ፊውዙን በኋለኞቹ እትሞች አነሱት፣ የዩኤስቢ ድራይቨሩን ግን ለማስተካከል ዓመታት ፈጀ። በ2019 የወጣው ራስበሪ ፓይ 4ም የዩኤስቢ ሲ መሰኪያው ላይ አንድ ሪዚስተር ጎድሎበት ስለነበር፣ ቺፕ ያለበትን ውዱን ገመድ ስትሰኩለት አይነሣም ነበር፤ በኋላ አረሙት። ሠሪዎቹ ራሳቸው የተሳሳቱበትን ነገር አንድ የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ብቻውን ሊደርስበት ይገባል ብሎ ዝቅተኛ ውጤት መስጠት ፍትሕ አይደለም። ትምህርት ክፍሎች ለእያንዳንዱ ቡድን ከቦርዱ ጋር የተፈተሸ ቻርጀርና አጭር ወፍራም ገመድ ቢያውሱ ይህ መከራ አብዛኛው ባልኖረ።

መብራት ስለሚሄድ ነገር ባጭሩ፦ ሲሄድም ሲመጣም ቦርዱ ዲቫይደሩ ላይ እንደተሰካ ይሁን። ሚሞሪ ካርዱ ላይ በመጻፍ ላይ እያለ ኃይል ሲቋረጥ ፋይል ይበላሻል። ኮፒ አታስቀምጡ።

የዲፌንሱ ዕለት ጠዋት ስትለማመዱበት የነበረውን ገመድ ዶርም ተዉትና የጓደኛችሁን የስልክ ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። ካለፋችሁ በኋላም ሪፖርታችሁ ውስጥ የትኛው ቻርጀር እንደሠራ፣ የትኛው እንደከዳችሁ፣ ጭነት ላይ የለካችሁት ቮልቴጅ ስንት እንደነበር አንድም መስመር አትጻፉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ባች ፒያሳ ወጥቶ ያንኑ ቻርጀር ይግዛ።