ሽጉጥ ከጋቢ ሥር

ቴክሳስ ውስጥ ሽጉጥ ታጥቆ ቤተ ክርስቲያን መጠበቅ ቀላል ነው፤ የሚከብደው አለባበሱ ነው። ይህን ያወቅሁት ሰበካ ጉባኤያችን «አንተ እንግሊዝኛ ታነባለህ» ብሎ የበጎ ፈቃድ ጥበቃ ኮሚቴ ጸሐፊ ሲያደርገኝ ነው። እንቢ ልል አፌን ሳላላቅቅ ተጨበጨበ።

ሰብሳቢያችን ሻለቃ ናቸው። በድሮው ሠራዊት ያገለገሉ፣ ነገር የማያሳድሩ ሰው ናቸው። በሳምንቱ ጥቁር ጥቁር ሰደርያ በካርቶን አሳትመው መጡ። ጀርባው ላይ «ሴኩሪቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለበት፤ ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ይነበባል። ገንዘቡን ከገዛ ኪሳቸው ነው ያወጡት፤ እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ሕጉን እያነበብኩ ነበር።

በቴክሳስ ጥበቃ ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው። በነፃ ደጀ ሰላም ላይ የሚቆም ምእመን ከዚህ ግዴታ ነፃ የወጣው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በመስከረም 2017 ነው። ብዙ ሰው ሕጉ የመጣው በሰዘርላንድ ስፕሪንግስ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን 26 ሰዎች በጥይት ካለቁ በኋላ ይመስለዋል፤ እልቂቱ ግን የደረሰው ከሕጉ ሁለት ወር በኋላ፣ በኅዳር ነው። ነፃነቱ ታዲያ ሁለት ማሰሪያ አለው። አንደኛው፣ ጠባቂው ምንም ክፍያ አይቀበልም። ሁለተኛው፣ «ሴኩሪቲ» የሚል ቃል ያለበት ወይም ፖሊስ የሚያስመስል ልብስ አይለብስም።

«ሽጉጡስ?» አሉ ሻለቃ።

«ሽጉጡ ችግር የለውም።»

«ሰደርያው ነው የሚያስጠይቀን?»

«አዎ፣ ሰደርያው ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ፤ ሕጉን እኔ ያወጣሁት ሳይመስላቸው አልቀረም። ከዚያ «ገልብጣችሁ ልበሱት» ብለው አዘዙ።

ክፍያ የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። እናቶች ከቅዳሴ በኋላ ለጠባቂዎች በያይነቱ በነፃ ያቀርቡ ነበር። በያይነቱ ደመወዝ ነው? አንዱ «ጸበል ጻድቅ ነው» ሲል፣ ሌላው «ሽሮው ሲደገም ግን ደመወዝ ይሆናል» አለ። ስብሰባው እስከ ማታ ዘለቀ።

ጠመንጃም ሆነ ሽጉጥ ግቢው ውስጥ አይግባ የሚሉም ነበሩ፤ እኔም ልቤ ወደ እነሱ ያደላ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይህን መከልከል ትችላለች፤ ግን ማስታወቂያው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ፣ ቢያንስ አንድ ኢንች ቁመት ባላቸው ፊደላት መጻፍ አለበት። የሽጉጥ ፈቃድ ይዞ ደብቆ ለሚታጠቅ አንድ ማስታወቂያ፣ ፈቃድ ይዞ በግልጽ ለሚታጠቅ ሌላ፣ ፈቃድ ለሌለው ደግሞ ሌላ፤ ከ2021 ወዲህ 21 ዓመት የሞላውና ሕግ ያላገደው ሰው ያለፈቃድም ሽጉጥ መያዝ ይችላልና። ማስታወቂያውን አይቶ ታጥቆ የሚገባ ባለፈቃድ እስከ 200 ዶላር ይቀጣል፤ በቃል «ውጣ» ተብሎ እንቢ ካለ ግን ነገሩ ይከብዳል። «እንግዲያው አባ በቃል ይንገሩልን» አሉ አንዲት እናት። አባም «በቅዳሴ መሐል?» ብለው ዝም አሰኙን።

እንዲህ ስንባባል ዐቢይ ጾም ገባ። አንድ እሑድ ገና ሳይነጋ፣ አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ እኔ ባዶ እጄን በር ላይ ቆሜያለሁ። ሻለቃ ከውስጥ ናቸው። አንድ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሰው ከመኪና ወርደው መጡ፤ ትከሻቸው ላይ ረጅም ባለዚፕ ከረጢት አንግተዋል። ቴክሳስ የኖረ ሁሉ ያ ከረጢት ለምን እንደተሰፋ ያውቃል፤ አዳኞች ጠመንጃ የሚይዙበት ነው።

«ጌታዬ፣ ምንድን ነው የያዙት?»

«ዕቃ ነው» አሉና አለፉኝ።

ሻለቃ ብድግ አሉ። ቀኝ እጃቸው ወደ ወገባቸው ሄደና ጋቢ ጨበጠ። ጋቢውን ገለጡ፤ ከሥሩ ነጠላ። ነጠላውን ገለጡ፤ ኮት። ከኮቱ ሥር የተገለበጠው ሰደርያ፣ ዚፑ በውስጥ በኩል ሆኖ አልከፈት ብሏል። የጋቢውን ጫፍ በገዛ እግራቸው ረግጠውት ስለነበር በሳቡ ቁጥር እሳቸው ይዞራሉ እንጂ ጋቢው አይወልቅም። እንግዳው ጥቂት አይተዋቸው ከረጢቱን መሬት አስቀመጡና ተጠግተው ጋቢውን ያዙላቸው። ከሂውስተን የመጡ መሪጌታ ናቸው። ከረጢቱ ውስጥ መቋሚያ ነበር። «ለዚህ ቁመት የሚሆን ሌላ ማኅደር ገበያ ላይ አጣሁ» አሉ፣ የሻለቃን ነጠላ እያስተካከሉ።

ያን ዕለት ቅዳሴው ላይ ልቤ አልነበረም፤ የማስበው ስለ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በታኅሣሥ 2019 ዋይት ሴትልመንት በሚባል የቴክሳስ ከተማ አንድ ታጣቂ በጸሎት መሐል ሁለት ምእመናን ሲገድል፣ ጃክ ዊልሰን የተባለ በጎ ፈቃደኛ ጠባቂ በአንድ ጥይት ጣለው። ሁሉም ነገር ያለቀው በስድስት ሰከንድ ነው። ዊልሰን ግን ተኩስ የሚያስተምር፣ በተጠባባቂ ፖሊስነትም ያገለገለ ነበር። የእኛ ሻለቃ በስድስት ሰከንድ ነጠላውም ጋ አልደረሱም። የቴክሳስ ፈቃድ ፈተና ከ3፣ ከ7 እና ከ15 ያርድ ርቀት 50 ጥይት ያስተኩሳል፤ አሁን እሱም ግዴታ አይደለም። ጀርባ ላይ ስለተጻፈ አንድ ቃል ይህን ያህል የተጨነቀ ሕግ፣ የታጣቂው ዓይን ያያል ወይ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል ወይ ብሎ አንድም ቦታ አለመጠየቁ እስካሁን ይከነክነኛል።

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ መታጠቅ የሚፈልግ ሁሉ በየዓመቱ አሠልጣኝ ፊት፣ ለቅዳሴ በሚለብሰው ልብስ ይፈተን የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ሻለቃ ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ፣ ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ሆኑ። ፈተናው እስኪደርስም ሽጉጣቸውን ቤት ትተው በር ላይ ከእኔ ጋር ይቆማሉ፤ ከሚገባው ሰው ግማሹን በስም፣ ግማሹን በአባቱ ስም ይጠሩታል።

የበያይነቱ ክርክር ግን አልተቋጨም። ሻለቃ የምሳቸውን ሒሳብ በየሳምንቱ ከፍለው፣ ቀን ያለበት ደረሰኝ ካልተሰጣቸው እንጀራውን አይቆርሱም።