የቤዙ ጥያቄ፦ የግሬትፉል ዴድ ወዳጆች በመድረክ ቅጂዎች ሚክስ ላይ ስላላቸው ክርክር የቀረበ አጭር ጥናት

ባለቀ ነገር ላይ የመከራከርን ጥበብ የግሬትፉል ዴድ ወዳጆችን ያህል ያደረጀው የለም። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1965 በካሊፎርኒያ ተመሠረተ፤ ጊታር ተጫዋቹ ጄሪ ጋርሺያ በ1995 ሲያርፍም አብሮት አከተመ። በመካከሉ ከሁለት ሺህ በላይ ኮንሰርት አቅርቧል። አብዛኛው በቴፕ ስለተቀዳ ሪሎቹ በባንዱ ግምጃ ቤት ተከማችተው ከ1991 ጀምሮ እየተመረጡ በይፋ ይታተማሉ። አንዱ እንደታተመ ስለ መሣሪያዎቹና ስለ ዘፋኞቹ ድምፅ ምጣኔ «ሚክሱ እንዴት ነው?» የሚለው ጉባኤ ይከፈታል። ባንዱ ሠላሳ ዓመት ተጫውቷል፤ ጉባኤውም ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የመዘጋት ምልክት ግን አላሳየም።

ተከራካሪዎቹ ዴድሄድ ይባላሉ። የጎንደር ሊቃውንት የመጻሕፍትን ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ብለው እንደለዩት፣ ይህ ጥናትም ለአመዳደብ እንዲመች ዴድሄዶችን በዚሁ ስም ይከፍላቸዋል። ላይ ቤቶች የጋርሺያን ጊታርና የዘፋኞቹን ድምፅ ከፊት ያላቆመ ሚክስ አይዋጥላቸውም። ታች ቤቶች ደግሞ ፊል ሌሽ ቤዝ ጊታሩን ሲመታ የሳሎኑ መስታወት ካልነዘረ ቅጂው ጎደሎ ነው ይላሉ። የኪት ጎድሾ ፒያኖ ተዋጠ የሚል ሦስተኛ ወገንም አለ። ይህ ወገን በቁጥር ትንሽ ነው፤ በንዴት ግን ከሁለቱም አያንስም።

የጉባኤው መዝገበ ቃላት ውስን ነው። ቅጂ «ሞቅ ያለ»፣ «ደረቅ»፣ «የታፈነ» ወይም «አየር ያለው» ሊሆን ይችላል። አየሩ በምን እንደሚለካ ስምምነት ላይ አልተደረሰም። «አየር የለውም» የተባለ ሲዲ ግን ስሙ በቀላሉ አይታደስም።

የሁሉም ምርምር መነሻ ሜይ 8 ቀን 1977 በኢትካ፣ ኒው ዮርክ፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባርተን አዳራሽ የቀረበው ኮንሰርት ነው። አዳራሹ መጀመሪያ የተሠራው ለወታደራዊ ሰልፍ ስለሆነ የድምፅ ጥራት የአሠሪዎቹ ጭንቀት አልነበረም። የቀዳችው ቤቲ ካንተር ጃክሰን ስትሆን፣ በእጅዋ ያለፉት ሪሎች በጥራታቸው ከሌሎቹ ተለይተው በስሟ ይጠራሉ። በ1986 ከእነዚህ ሪሎች ብዙዎቹ ከተቀመጡበት ማከማቻ በሐራጅ ተሸጡ። ጥቂት ወዳጆች እጅ ገብተውም ከሪል ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት ተባዙ። የኮርኔሉን ቅጂ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2012 የቅርስ መዝገብ ውስጥ ሲያስገባው በይፋ ገና አልታተመም ነበር። የታተመው በ2017 ነው። መንግሥት ለቅርስነት ያጨውን ሙዚቃ አንድም ሱቅ ሳይሸጠው ሕዝቡ በቃሉ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ለጥናቱ ዋናው ነገር ያለው በሐራጁና በይፋዊው እትም መሐል ነው። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ «ሽ» የሚለው የቴፕ ሽሽታ ይጨምራል፣ ላይኛው ድምፅ ይደበዝዛል፣ የቴፑ ፍጥነትም ይዋዥቃል። አንድ ዴድሄድ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የደረሰው የግልባጭ ግልባጭ በጆሮው ላይ ዋናው ሆኖ ይታተማል። በ2017ቱ እትም ላይ የቴፑን መዋዠቅ ለማረም፣ ሰው በማይሰማው ከፍታ ቴፑ ላይ የቀረውን የመቅጃ ማሽኑን ምልክት የሚከታተል ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ። ሽሽታው ጠራ፣ ፍጥነቱም ቀና። ከዚያም «ነፍሱ ወጥቷል» የሚል አስተያየት መጣ። ያጡት ነፍስ በጥንቃቄ ሲመረመር የካሴት ሽሽታ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ጥናቱን ያስቸገረ አንድ እንቅፋት አለ። የኮርኔሉ ሪል ሁለት ትራክ ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ። ጊታሩ፣ ቤዙ፣ ሁለቱ ድራሞችና ዘፋኞቹ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ በዚያው ምሽት ተጋብተዋል፤ ከአርባ ዓመት በኋላ በማስተሪንግ ፍቺ የሚያጸድቅ ዳኛ የለም። ማስተሪንግ፣ ያለቀ ሚክስ ለኅትመት የሚስተካከልበት ሥራ፣ ጠቅላላ ድምፁን ሊያበራ፣ ሊያጠቁር፣ ሊያጎላ ይችላል፤ ሌሽን ብቻውን ጠርቶ «ወደፊት ና» ሊለው አይችልም። ይህ ለተከራካሪዎቹ ተደጋግሞ ተነግሯቸዋል። በአክብሮት ያዳምጡና ክርክራቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ቤዙ ለምን አነሰ ለሚለው ጥያቄ በጉባኤው የተሰጡት ትርጓሜዎች እነሆ። አንድም፣ ሌሽ በዚያ ምሽት ረጋ ብሎ ተጫውቷል። አንድም፣ መድረክ ላይ ያለው አምፕሊፋየር አዳራሹን ራሱ ስለሚሞላው ከሚክሰሩ ብዙ መላክ አላስፈለገም። አንድም፣ ካሴቱን የገለበጠው ሰው የማጫወቻውን ራስ በአልኮል አልጠረገም። አንድም፣ የሚሰማበት ስፒከር ከጫማ ሳጥን አይበልጥም። የመጨረሻውን ትርጓሜ የተቀበለ ሊቅ እስካሁን አልተገኘም፤ ሁለተኛው ግን በብዙ ቅጂዎች ላይ እውነት መሆኑን የድምፅ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

ላይ ቤቶችም የራሳቸው ቅሬታ አላቸው። በ1974 ባንዱ ስድስት መቶ ያህል ስፒከር ከጀርባው ገትሮ ይዞር ነበር። ያ ሁሉ ድምፅ ተመልሶ በማይክሮፎን ገብቶ እንዳይጮኽ እያንዳንዱ ዘፋኝ ተገላቢጦሽ የተያያዙ ሁለት ማይክሮፎኖች ተሰጥተውት በአንዱ ብቻ ይዘፍናል። ሁለቱም የሰሙት ይጣፋል፣ አንዱ ብቻ የሰማው ይቀራል። ዘዴው ግሩም ነበር፤ ከዘፋኙም ድምፅ ጥቂቱን አብሮ ይቀንሳል እንጂ። ላይ ቤቶች የዚያን ዓመት ቅጂ ሲሰሙ ድምፁን ያቀጠነውን ሰው ይፈልጋሉ። የተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ዛሬም አልተዘጋም።

በ1993 የጀመረው የግምጃ ቤት ተከታታይ እትም መራጭ ዲክ ላትቫላ ራሱ ቴፕ ሰብሳቢ ወዳጅ ነበር። ሲዲዎቹ ላይ ቅጂው ከሁለት ትራክ ቴፕ መሆኑንና እንከን ሊኖረው እንደሚችል ገዢውን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ጉባኤው ማስጠንቀቂያውን እንደ ጥሪ ካርድ አነበበው።

እውነተኛው ፈተና የ1972ቱ የአውሮፓ ጉዞ ነው። በ16 ትራክ ስለተቀዳ እንደገና ሚክስ ማድረግ ይቻላል፤ በ2011ም 22ቱ ኮንሰርቶች በሙሉ በአዲስ ሚክስ በ73 ሲዲ ወጡ። ነገር ግን በ1972 ከዚሁ ጉዞ በወጣው ባለ ሦስት ሸክላ አልበም ላይ ባንዱ ብዙውን የዘፋኞች ድምፅ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ ደግሞ ቀድቶት ነበር። 39 ዓመት ሙሉ «የመድረክ» ተብሎ የተወደደው ድምፅ የስቱዲዮ ነበር፤ መድረክ ላይ የተዘፈነው፣ አልፎ አልፎ ከቅኝት የሚያፈነግጠው፣ በ2011 ብቅ ሲል ደግሞ ለለመደ ጆሮ አስመሳይ መሰለ። የትኛው ቅጂ የበለጠ እውነት ነው ለሚለው ጥያቄ ይህ ጥናት መልስ አለው፤ በሁለቱም ቤት ዘንድ ስለማይጠቅም ግን እዚህ አልሰፈረም።

ጥናቱ ለተጨማሪ ምርምር ክፍት የሚተወው አንድ ነጥብ ነው። ብዙ የሙዚቃ ማጫወቻ ላይ «ቤዝ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ቤዙ ይጨምራል። ታች ቤቶች ስለ ቁልፉ ሲጠየቁ፣ እሱን መንካት የሚክሱን ጥፋት በገዛ እጅ መሸፈን ነው ይላሉ። ላይ ቤቶችም፣ በቀረው ሁሉ ባይስማሙም፣ በዚህ ይስማማሉ።