ሱሪ እንደ ጦር መሣሪያ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 በሱዳን የካርቱም ፖሊስ አንድ ምግብ ቤት ገብቶ አደገኛ ነገር በቁጥጥር ስር አዋለ፦ ሱሪ! ጋዜጠኛዋን ሉብና ሁሴንን ጨምሮ 13 ሴቶች ለብሰውት ተገኙ። በወቅቱ የአገሪቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 152 ለ«ነውረኛ» አለባበስ እስከ 40 ጅራፍ ደንግጎ ነበር። ሱሪው ስንት ጣት ሲጠብ ነውር እንደሚሆን ግን አይናገርም ነበር፤ ልኬቱ ለፖሊሱ ዓይን ተትቶ ነበር። ዓይን ደግሞ ሲያፈጥ የሚውለው፣ መቼም ለሥነ ምግባር ብሎ ነው። ሉብናን ያሰራት ፖሊስ ራሱ ሱሪ ታጥቆ ነበር፤ የሱ ግን የደንብ ልብስ ነው።

ሉብና የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ስለነበረች ያለመከሰስ መብት ነበራት፤ ሥራዋን ለቅቃ ችሎት ቆመች። ዳኛው ጅራፉን ትቶ 500 የሱዳን ፓውንድ ቀጣት። አልከፍልም ብላ ወህኒ ወረደች፤ በማግስቱ የጋዜጠኞች ማኅበር ከፍሎ አስወጣት። የአገሪቱ አገዛዝ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲገረሰስ ሴቶች ከሰልፉ ፊት ነበሩ፤ ለካ ሴቶችን መፍራቱ በከንቱ አልነበረም።